ከተፈታች አይቀር

ሻጩ የነገረኝ አንዲት ነገር ብቻ ነው። «ፍሬኗን ነካ ነካ ታደርጋለህ፤ ከዚያ አስነስተህ መሄድ ነው» አለኝ። ይህ የሆነው ከአራት ዓመት በፊት ነው።

የመኪናዋን ስም አልጠራም። ዘመድ ይኖራታል፤ ያፍራል። ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራች የስፖርት መኪና ናት ካልኩ ይበቃል። አንድ ወዳጄ አስቀድሞ መክሮኝ ነበር። «ከገዛህ አይቀር የእንግሊዟን ኤምጂቢ ግዛ» አለኝ። እውነቱን ነው። ኤምጂቢ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 ከ500 ሺህ በላይ ተሠርታለች። እ.ኤ.አ. ከ1988 ወዲህ ደግሞ ቦዲዋ ራሱ አዲስ ተመርቶ ይሸጣል። ዕቃ ጠፋብኝ ብሎ ማልቀስ የለም። «ካልሆነም ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ያዝ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣች፣ መንፈሷ የአሮጌዎቹ፣ ግን ቁልፍ ስታዞርላት የምትነሳ» ብሎ ጨመረልኝ። ቁልፍ ሲዞርላት የምትነሳ መኪና ምን ታደርግልኛለች? እሷንማ ማንም ይነዳታል።

ፍሬኗን ለማየት የፊት ጎማዋን ፈታሁ። ዲስኩ አልቆ ሳስቷል። ያቺን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣኋት እዚህ ላይ ነው። «ከተፈታች አይቀር፣ ተለቅ ያለ ዲስክ ይግባላት።»

ከዚህች «አይቀር» የበለጠ ኪስ የምታራቁት ቃል በአማርኛ ውስጥ ያለች አይመስለኝም። ሲሰሟት ቁጠባ ትመስላለች። ሁለቴ ከመልፋት አንዴ ልጨርስ የሚል የብልህ ሰው ንግግር ትመስላለች። ተለቅ ያለው ዲስክ በባለ 14 ኢንቹ ቸርኬ ውስጥ አልገባም አለ። ስለዚህ ባለ 15 ቸርኬ ተገዛ። ከተገዛ አይቀር ጎማውም ሰፋ ይበል። የሰፋው ጎማ ደግሞ መሪ ሲዞር ፓራፋንጎውን ይፈትገዋል። ፓራፋንጎውን ትንሽ ወደ ውጭ ገፋ ላደርገው በመዶሻ አንዴ መታ አደረግኩት። አንዴ ብቻ። ከመዳፌ የሚሰፋ ቀለም ከነስቱኮው ተገንጥሎ እግሬ ስር ወደቀ።

አንስቼ አየሁት። ከላይ ቀይ፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከዚያ የጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ። ከስቱኮው ጀርባ ላሜራ መኖር ነበረበት። ያለው ቡናማ ዱቄት ነው። ማግኔት ይዤ ዙሪያዋን ዞርኩ። ላሜራ ባለበት ልጥፍ ይላል። ስቱኮ ባለበት ሸተት ብሎ ይወድቃል። ያን ቀን ከፊት እስከ ኋላ ማግኔት ከመሬት ሳነሳ ዋልኩ። ለካ የገዛሁት መኪና ሳይሆን በመኪና ቅርጽ የተለሰነ ግድግዳ ነው።

ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻዋ ቡሎን ድረስ ፈታኋት። ማታ ቤት ገብቼ ለዚያው ወዳጄ ደወልኩ። አማቴ ሊጠይቁን መጥተው ሳሎን ተቀምጠው ኖሯል። እኔ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ እጮሃለሁ።

«በቃ ፈታኋት! አዎ፣ ዛሬ። … ምን ላድርግ፣ ከላይ ስታያት ቀለም ብቻ ናት፤ ውስጧ አልቋል። … ዕድሜዋንማ ደብቀውኝ ነው! ባውቅ መች እወስዳት ነበር? … የለም፣ ለሌላ ማሳለፍማ አይሆንም። አሁን ማን ይወስዳታል?»

ሳሎን ስገባ አማቴ ቦርሳቸውን ይዘው ቆመዋል። ባለቤቴ ከወጥ ቤት በሳቅ እየፈረሰች ባትወጣ ኖሮ ነገሩ የት ይደርስ እንደነበር እንጃ። «እማዬ፣ መኪናዋን እኮ ነው!» አለቻቸው። ብዙም አልተዋጠላቸውም። «መፍታት የለመደ እጅ…» ብለው ሳይጨርሱት ተቀመጡ። ከዚያን ቀን ወዲህ በደወልኩላቸው ቁጥር ከሰላምታ አስቀድመው የሚጠይቁኝ «ገጠምካት?» ብለው ነው።

አልገጠምኳትም። ለመግጠም የፈቱትን ማወቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ላይ ሥርዓት ነበረኝ። እያንዳንዱን ቡሎን ከነዳዶው በትንሽ ፌስታል ከትቼ እጽፍበት ነበር። የመጀመሪያው ፌስታል «የግራ በር፣ የላይኛው ማጠፊያ፣ 4 ቡሎን፣ አጭሩ ከፊት» ይላል። በሁለተኛው ሳምንት ጽሑፉ «የበር ቡሎን» ሆነ። በአራተኛው «ከሥር»። ወደ መጨረሻ አካባቢ «ይቺ ታስፈልጋለች» የሚል አለ። አንደኛው ፌስታል ላይ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው ያለው። እሱን እስካሁን ደፍሬ አልከፈትኩትም።

አልፈታም ያለም ነበር። የኋላውን ባሌስትራ ከቦዲው ጋር የሚያያይዝ አንድ ቡሎን ስድስት ቀን ፈጀብኝ። የዝገት ማላቀቂያ ረጭቼ አሳደርኩት። ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቼ ተንጠለጠልኩበት። ዳዶውን በእሳት አጋልኩት። ብረት ሲግል ይሰፋል፣ ዝገቱ ይሰነጠቃል፣ ይላላል ይላሉ፤ ልክ ናቸው። በስድስተኛው ቀን «ቀጭ» አለና ቁልፉ ልስልስ ብሎ ዞረ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ለጠላቴም እመኝለታለሁ። ባለቤቴን ጠራኋት። መጥታ ጎንበስ ብላ አየች። ቡሎኑ አልተፈታም። አናቱ ተቆርጦ ቁልፉ ውስጥ ቀርቷል። «ግማሹ ወጣልህ እኮ» አለችኝና ተመለሰች። የቀረውን ግማሽ በመሰርሰሪያ እየበሳሁ ለማውጣት ሌላ ስድስት ቀን።

መኪና የፈታ ሰው ደግሞ ብቻውን አይሠራም። ኮፈን ከተከፈተ ሰው ይሰበሰባል። አንዱ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፤ ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም። ሌላው «ስንት ትሄዳለች?» ይላል፤ ሞተሯ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እያየው። ከሁሉም ግን ጎረቤታችን ጋሼ ይብሳሉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይመጣሉ። ዞር ዞር ብለው ያያሉ። ከዚያ «ካንዴላዋ ነው» ይላሉ፤ ሞተሩ ውስጥ ነዳጁን በእሳት የምታቀጣጥለዋን ማለታቸው ነው።

«ጋሼ፣ ዝገት እኮ ነው» እላለሁ።

«ይሁና። ካንዴላዋን አይተኸዋል?»

በሩ አልዘጋ ሲለኝም ካንዴላዋ ነው ብለዋል። እሱ እንኳ የራሴ ጥፋት ነው። እንዲህ ያለች መኪና እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም። የሚሸከማት ቦዲዋ ራሱ ነው። የማይታጠፍ የብረት ጣሪያ ስለሌላት ደግሞ ከበሩ ሥር ያለው ሳጥን መሳይ ላሜራ አከርካሪዋ ነው ማለት ይቻላል። የዛገውን ቆርጬ አዲስ ልበይድ ስል በመጀመሪያ የበሩን ክፍተት በብረት መወጠር ነበረብኝ። ይህን ያወቅኩት ከቆረጥኩ በኋላ ነው። መኪናዋ መሐል ወገቧ ላይ ሰበር አለች። በማይታይ ልክ፣ ግን በሩ እንዳይገጥም በሚበቃ ልክ። ተበየደ፣ ተቆረጠ፣ ተወጠረ፣ እንደገና ተበየደ። አንድ ክረምት ሄደ። ጣሪያ በሌላት መኪና ላይ ክረምት ማለፍ ምን ማለት እንደሆነ ለሌላ ጊዜ ላቆየው።

ዝገቱ ካለቀ በኋላ የመጣው ይብሳል። አፕግሬድ ይሉታል። አዲስ ነገር አሮጌ ቤት ሲገባ ከቤተኛው ጋር አይስማማም፤ ጠቡም በኔ ወጪ ነው የሚፈታው። እሳቱን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተሯ ውስጥ እሳቱን የምታቆራርጠው ነገር ክፍተቷ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዲሆን በየጊዜው መለካት አለባት። ከተነካች አይቀር በኤሌክትሮኒክስ ተቀየረች። አሮጌው ዲናሞ ሞተሩ ቀስ ሲል ባትሪ አይሞላም፤ በአልተርኔተር ተቀየረ። ያኔ ብዙ መኪኖች የባትሪውን ፖዘቲቭ ነበር ከቦዲ ጋር የሚያገናኙት። አልተርኔተሩ ደግሞ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። ስለዚህ ያም ተገለበጠ። አምፖሎቹ ኤልኢዲ ሆኑ። ያኔ ፍሬቻው ማብለጭለጩን ተወ። የድሮው ፍላሸር የሚሠራው የአምፖሉ ኤሌክትሪክ ሲያሞቀው ነው። ኤልኢዲ የሚወስደው ትንሽ ስለሆነ አይሞቅለትም። ፍላሸሩም ተቀየረ።

ቀለሙ ግን አማረባት። ቀይ። ራሴን አየሁባት። የፍሬን ዘይት ስሞላ አንድ ጠብታ የኮፈኑ ጠርዝ ላይ ተንጠባጠበች። የፍሬን ዘይት ቀለም እንደሚልጥ አውቃለሁ። ወዲያው በብዙ ውኃ ማጠብ እንደሚገባም አውቃለሁ። በድንጋጤ ግን በጨርቅ ጠረግኩት። ጨርቁ ቀይ ሆኖ መጣ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ጨርቁንና ኮፈኑን በየተራ አየኋቸው። ጨርቁ ላይ ያለው ቀለም የተሻለ ያንጸባርቃል።

ቀለም ሌላም ጣጣ አለው። የመኪና መብራት አንደኛውን ሽቦ ከቦዲው ነው የሚበደረው። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። መብራቱ በሚታሰርበት ቦታ ላሜራው እስኪያበራ ድረስ ቀለሙ በብርጭቆ ወረቀት ካልተፋቀ አይበራም። ቀለሙን ያን ያህል ወድጄው ስለነበር መፋቁ አሳዘነኝ። አንዳንዱን ቦታ በደንብ ፋቅኩ። አንዳንዱን እንዲያው ዳሰስ አድርጌ አለፍኩት።

የማስነሻው ቀን መጣ። ገና እንጨት ላይ እንደቆመች፣ ከውጭ እጄን አስገብቼ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ዞረ። ከዚያ በካርቡራተሯ በኩል እንደ ጥይት ጮኸች። ድመቷ ለሁለት ቀን አልተገኘችም። ነዳጁን አየሁ፤ አለ። እሳቱን አየሁ፤ አለ። ጋሼ እጃቸውን እንዳጣመሩ መጡ።

«ካንዴላዋ ነው» አሉ።

መልስ ልሰጣቸው አፌን ከፈትኩና ገመዶቹ ላይ ዓይኔ አረፈ። የዚህ ሞተር ካንዴላዎች እሳት የሚያገኙት 1፣ 3፣ 4፣ 2 በሚል ቅደም ተከተል ነው። እኔ እንደ ተማሪ ሰልፍ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብዬ ሰክቻቸዋለሁ። አስተካክዬ ሳዞር ሞተሯ አጉረመረመችና ተነሳች። ጋሼ ምንም አላሉም። ባይናገሩም ጎረቤቱ ሁሉ ሲናገሩ ሰምቷቸዋል።

የመጨረሻው ሥራ ወንበርና መሪ ነው። ወንበሮቿ ተቀዳደው ነበር። ከተቀየሩ አይቀር የዛሬ ዘመን የስፖርት ወንበር አመጣሁ፤ ወፍራም፣ ጎንና ጎን አቅፎ የሚይዝ። ወንበሩን አሰርኩ። በማግስቱ ትልቁን የድሮ መሪ አሰርኩ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሚመስሉ አልሞከርኩም። ከእንጨቱ አወረድኳት፣ በሩን ከፈትኩ፣ አንድ እግሬን አስገባሁ። አዲሱ ወንበር ከድሮው ከፍ ይላል። ጭኔ ከመሪው ሥር አላልፍም አለ። በግራም በቀኝም ሞከርኩ። ትንፋሼን ስቤ ሞከርኩ። አራቱ ዓመት እኔም ላይ የጨመረው ነገር አለ፤ አልክድም።

ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ታያለች። «ቆይ፣ ውጣ እስቲ» አለችኝ። ወጣሁ። እሷ ቀጠን ያለች ናት። ገባች። እግሯ ፍሪሲዮኑ ላይ በልኩ አረፈ። መስታወቱን ወደ ራሷ አዞረች። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ያልነካቻትን መኪና እንደ ገዛ ጫማዋ ተጫማቻት።

«ለእማዬ ላሳያት» አለች።

«ቆይ እንጂ፣ የማርሹ ዘይት ገና…»

ሄደች። ድምጿ እንዴት እንደሚያምር ልነግራችሁ አልችልም። ውስጥ ሆኖ የሚሰማው ይለይ እንደሆነ እሷን ጠይቁ። መንገዱ መሐል ቆሜ አየኋት። ጋሼም መጥተው አጠገቤ ቆሙ። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ፍሬን ያዘች። የቀኙ መብራት ቦግ አለ። የግራው አልበራም።

ቀለሙ ነው። ያን ቦታ ዳሰስ አድርጌ አልፌው ነበር። እሱን ለማግኘት የኋላው መብራት መፈታት አለበት፤ መብራቱ ከተፈታ ደግሞ ከበስተጀርባው ያለው ሽቦም…

«ካንዴላዋ ነው» አሉ ጋሼ።

«ሳይሆን አይቀርም፣ ጋሼ» አልኳቸውና ብርጭቆ ወረቀት ፍለጋ ገባሁ።