ቁጥሩ ወይስ ላሜራው? በአንዲት ብርቱካናማ ዳትሰን የተነሳ ክርክር

አንድ ዘመዳችን ሜሪላንድ ውስጥ የ1972 ሞዴል ዳትሰን 240ዜድ አግኝቷል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። ብርቱካናማ ናት፣ እንደ አዲስ ታበራለች። ሻጩ 32,000 ዶላር ጠይቋል። ሞተሯ ግን ከፋብሪካ አብሯት የወጣው አይደለም፤ በኋላ ከመጣችው ከ280ዜድኤክስ የተነቀለ ባለ 2.8 ሊትር ነው። ዘመዳችን "ስንት ትገባለች?" ብሎ ሁለት ሰው ጠየቀ። አንዱ አሮጌ መኪና እየገዛ የሚሸጥ ወጣት ነው፣ ሄዶ አይቷታል። ሌላኛው አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደጉ፣ አሁን ቨርጂኒያ የሚሠሩ መካኒክ ናቸው። እሳቸው ያዩት ፎቶዋን ብቻ ነው። አልተስማሙም። የተጻጻፉት ይኸው።

የቁጥሩ ወገን

ጋሼ፣ በቅድሚያ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይቺ መኪና ግን 32,000 አታወጣም። ነገሩ ገና ኮፈኑ ሲከፈት ነው ያለቀው። 240ዜድ ላይ ኮፈኑ ስር አንዲት ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች። የመኪናዋም የሞተሩም ቁጥር እሷው ላይ ተጽፏል። ብሎኩ ላይ ደግሞ ከቴስታታው ዝቅ ብሎ ሞተሩ የራሱ ቁጥር ተመትቶበታል። ሁለቱ ከገጠሙ ሞተሩ የራሷ ነው። የዚችኛዋ ሰሌዳ 2,393 ሲሲ ትላለች፣ ብሎኩ ግን ኤል28 ይላል፣ የባለ 2.8 ሊትሩ ሞተር መጠሪያ። በቃ።

"ምናለበት፣ ይሄኛው እንዲያውም ይበልጥ ይሮጣል" የሚል አይጠፋም። ልክ ነው ይሮጣል። እኛ ግን የምናወራው ስለ ዋጋ ነው። በጥር 2020 አንዲት የ1971 240ዜድ በኢንተርኔት ጨረታ 310,000 ዶላር ተሸጣለች። ጋሼ፣ ሦስት መቶ አስር ሺህ! ያቺ መኪና ከሌሎቹ የተለየ ሞተር አልነበራትም፤ ያው ባለ 2.4 ሊትር፣ ያው ፋብሪካው 151 የፈረስ ጉልበት አለው ያለው ነው። ገዢው ያንን ሁሉ ብር ያፈሰሰው ብዙም ስላልተነዳችና ማንም ስላልነካካት ነው። አዲስ ሳለች እኮ 3,500 ዶላር ገደማ ነበር ዋጋዋ።

ሌላም አለ። የበሩን ማጠፊያ በባትሪ ሳበራበት ከብርቱካናማው ስር አረንጓዴ አየሁ። ቀለሟ ተቀይሯል ማለት ነው። ሻጩን ስጠይቀው "አላውቅም፣ እኔም እንዲህ ነው የገዛኋት" አለኝ። ደረሰኝ የለው፣ የድሮ ፎቶ የለው፣ ምንም። አሜሪካ ውስጥ ባለ 17 አሃዙ የሻንሲ ቁጥር የመጣው በ1981 ነው። ስለዚህ እንደ ዘመኑ መኪና ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ አስገብተን የአደጋ ታሪኳን አናወጣም። ታይትሉም፣ የባለቤትነት ወረቀቷ ማለቴ ነው፣ ማይሉን "ኤግዘምፕት" (አይመዘገብም) ብሎ ነው የሚያልፈው። እንዲህ ላለች መኪና ምስክሯ ወረቀቷ ብቻ ነው፣ እሱም የለም።

አገር ቤት እንኳ የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ማን ይገዛል?

የላሜራው ወገን

ልጄ፣ ከሊብሬው ልጀምርልህ። አገር ቤት የሞተር ቁጥር የሚታየው የተሰረቀ እንዳይሆን፣ ለቦሎም እንዳያስቸግር ነው። "ይሄ ሞተር አብሯት ስላልተወለደ ዋጋዋ ይውረድ" ያለ ሰው እኔ አላጋጠመኝም። ዲኤክስ ኮሮላ ስንት ሞተር ቀይራ ነው እስከ ዛሬ የምትሸጠው? ያውም በስንት ብር! ሁለቱን አታደባልቅብኝ።

አሁን ወደ መኪናዋ። አንተ ቆመህ ነው ያየሃት፣ እኔ አሮጌ መኪና የማየው ተኝቼ ነው።

240ዜድ ለብቻው የሚፈታ ሻንሲ የላትም። ወለሉም፣ ስሩ የተበየደው ቦይ መሰል ብረትም፣ የጎኑ ላሜራም አንድ ላይ ሆነው ነው የሚሸከሟት። ወለሉ ከዛገ አጥንቷ ዛገ ማለት ነው። የዚያ ዘመን የጃፓን ላሜራ ደግሞ ስስ ነው፣ የዝገት መከላከያውም ለወጉ ያህል ነው። ሜሪላንድ በክረምት መንገዱ ላይ ጨው ይበትናል። አሪዞና ወይም ካሊፎርኒያ የኖረችና እዚህ ሃምሳ ክረምት ያሳለፈች መኪና በፎቶ መንትያ ሊመስሉህ ይችላሉ። ክሪክ ላይ ስታወጣቸው ግን የአንድ እናት ልጆች አይደሉም።

መጀመሪያ የማየው ባትሪው የሚቀመጥበትን ነው። አሲዱ እየተንጠባጠበ ላሜራውን ይበላና ወደ ታች ይወርዳል፣ ከስር ያለውን ብረት ይዞ ይሄዳል። ቀጥሎ ከፊት መስታወቱ ስር፤ እዚያ ቅጠል ይከማችና ውሃው መውጫ ያጣል። ከዚያ ከበሩ ኋላ፣ ከኋላ ጎማው ፊት ያለችው ጥግ። ጎማዋ የምትረጨው ሁሉ እዚያ ነው የሚጠራቀመው። ትርፍ ጎማው የሚተኛበትንም ጉድጓድ ምንጣፉን ገልጬ አያለሁ። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዬ በጎኗ ላይ አስኬዳለሁ። የማይዝበት ቦታ ካለ ስሩ ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው። ይኼን ሁሉ አንዱንም አልነገርከኝም። በሩ ማጠፊያ ላይ አረንጓዴ አየሁ ብለህ መጣህ እንጂ።

እኔ ላይ የደረሰውን ልንገርህ። እዚህ አገር በመጣሁ በጥቂት ዓመቱ እንዲህ ያለች አንድ ዜድ ገዛሁ። የሞተር ቁጥሯ ከሰሌዳዋ ጋር ልክክ ያለ ነበር፣ አንተ ብታያት ትስማት ነበር። ቤት አመጣኋት፣ ክሪኩን ከስሯ አስገባሁና ማንሳት ጀመርኩ። መኪናዋ ግን አልተነሳችም። ክሪኩ ነው እንደ ደረቅ እንጀራ ክርርች እያደረገ ወደ ውስጥ የገባው። ምንጣፉን ሳነሳው የክሪኩን ጫፍ ከመቀመጫው አጠገብ አየሁት። የሸጠልኝ ሰው ቀዳዳውን በፋይበርና በስቱኮ ደፍኖ፣ ጥቁር ቀለም ረጭቶበት ነበር። ስምንት ወር ስበይድ ከረምኩ። ቁጥሯ ያኔም ገጥሞ ነበር።

ይልቅ ቀለም ስለ መነካካት ካነሳህ፣ የዳትሰን ሠሪው ኒሳን ራሱ በ1990ዎቹ ማብቂያ አሮጌ 240ዜዶችን ሰብስቦ፣ ፈታትቶና አድሶ በ25,000 ዶላር ገደማ ሸጧል። ማን "ተነካክታለች" አለ?

የቁጥሩ ወገን

ማንም አላለም፣ ምክንያቱም ያደሰው ኒሳን መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት አላት! እኔ የምለውም እኮ ይኼንኑ ነው።

የክሪኩ ነገር ግን አሳቀኝም አሳዘነኝም። እሺ፣ ስለ ዝገቱ ተሸንፌያለሁ፣ ምንጣፉን ማንሳት ነበረብኝ። ሻጩ ቡና አፍልቶ በወሬ ያዘኝ፣ ምን ላድርግ። ነገር ግን አንድ ነገር ይመልሱልኝ። የ240ዜድ የወለል ላሜራ ዛሬ አዲስ ተሠርቶ ይሸጣል። ከስር ያለው ብረትም እንደዚሁ። ውድ ነው፣ አድካሚም ነው፣ ግን በገንዘብ ይመጣል። ሰሌዳዋ ላይ ያለው ቁጥር የተመታበት ሞተር ግን በዓለም ላይ አንድ ነው። ከጠፋ ጠፋ፣ ሚሊዮን ቢያወጡ አይሠራም። ታዲያ የትኛው ነው ከዋጋ ላይ ይበልጥ መቀነስ ያለበት?

ኢንሹራንሱም አለ። ለክላሲክ መኪና ውሉ የሚፈረመው አስቀድሞ በተስማሙበት ዋጋ ነው፤ "ስንት ናት?" ሲሉህ ማስረጃ ታመጣለህ። የክላሲክ መኪና ኢንሹራንስ ድርጅቱ ሀገርቲ የሚያወጣው የዋጋ መመሪያም መኪናዎቹን ከአንድ እስከ አራት በደረጃ ይከፍላል፣ አንዱ ለውድድር የምትቀርበው ናት፣ አራቱ እንደምንም የምትሄደው። ሻጫችን የሦስተኛ ደረጃን ዋጋ ጠርቶ መሀሉ ባዶ የሆነ ታሪክ ያላት መኪና ነው የሚሸጥልን።

"ዘመዳችን ሊነዳት እንጂ ሊሸጣት አይደለም" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው ጋሼ። ሁለት መቀመጫ ናት። ልጅ ሲወለድ ትሸጣለች።

የላሜራው ወገን

ልጅ ሲወለድ መሸጧ እውነት ነው፣ የእኔም እንዲያ ነው የሄደችው።

"በገንዘብ ይመጣል" ያልካት ግን አንተ በይደህ ስለማታውቅ ነው። ላሜራው በካርቶን ይመጣል። ሥራው በካርቶን አይመጣም። መኪናዋ ባዶ መሆን አለባት፤ መቀመጫ፣ ሽቦ፣ የነዳጅ ቱቦ ሁሉ ይወጣል። ስትቆርጣት እንዳትጣመም በሮቿን ሳትነቅል ትደግፋታለህ፣ አለዚያ ጨርሰህ በሩ አይዘጋልህም። እጁን የማምነው በያጅ ሒሳቡን ሲያመጣልህ ሞተሩን ትረሳዋለህ። ኤል28 ግን በአራት ብሎን ነው ያረፈው እያልኩ አላጋንን እንጂ፣ ቅዳሜ አውጥተህ እሑድ ሌላ ታስገባለህ። ወንድማማች ሞተሮች ናቸው።

ደግሞ ስለ ኦሪጅናል አንድ ልጠይቅህ። የ1973ቷ 240ዜድ በጭስ ሕጉ ምክንያት ሌላ ዓይነት ካርቡራቶር ተገጥሞላት ወጣች፣ ሲሞቅ የምታስቸግር። ባለቤቶቿ እየነቀሉ የቀደመውን ክብ አናት ያለውን ካርቡራቶር ገጠሙላት፣ ተሻላት። በአንተ ሒሳብ እነዚያ ሁሉ ሰዎች መኪናቸውን አበላሹ?

ይቺ መኪና ስሟን ያገኘችው ተሸፋፍና አይደለም። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1971 ኸርማንና ሹለር በ240ዜድ አሸነፉ፣ በ1973 ደግሞ ሼካር መህታ። ኬንያ፣ ዩጋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ጭቃና ድንጋይ ነው። ያንን ያስቻላት ቦዲዋ ነው።

የቁጥሩ ወገን

ካርቡራቶሩን መቀየር አላበላሸም። የወጣውን የጣለው ነው ያበላሸው። ካርቶን ውስጥ አድርጎ ያስቀመጠው ሰው ዛሬ ይስቃል። የእኔ ጥያቄ ለሻጩም ይኸው ነው፤ ዋናው ሞተር የት ገባ? አብሯት የነበረው ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮስ? ካሉ ዋጋው ሌላ ነው፣ ከሌሉ ሌላ ነው።

እንግዲህ ቁጥር እንጥራ። ወለሏ ንጹሕ ቢሆን እንኳ እኔ ከ22,000 አልወጣም።

የላሜራው ወገን

ወለሏ ንጹሕ ከሆነ 26,000 እሰጣታለሁ፣ አላፍርም። ማግኔቱ ሁለት ቦታ ከወደቀ 12,000፣ እሱንም ለበያጁ ስል ነው። ደውልለትና ቅዳሜ ጠዋት ምንጣፉን እናነሳለን በለው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ይጠብቀን፣ አስቀድሞ አሙቆ እንዳያቆያት። ካንዴላዎቹንም ፈትተን የስድስቱንም ሲሊንደር ግፊት እንለካለን፣ አንዱ ከሌሎቹ ዝቅ ካለ የአንተ ኤል28ም የምትሮጥ አይደለችም። እንቢ ካለ ነዳጃችንን አናቃጥልም።

የቁጥሩ ወገን

ደወልኩ። "ምንጣፉ በማስቲሽ ተለጥፏል፣ አይነሳም" አለኝ። እንደገመቱት። ዋናው ሞተር የት አለ ስለው ግን ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "የመጀመሪያው ባለቤት እዚሁ ሰፈር ነው፣ ጋራዡ ውስጥ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል፣ 1,500 ካመጣህ ይሰጥሃል።"

እኔ ቅዳሜ እሄዳለሁ ጋሼ። ክሪኩን እርስዎ ይያዙ።