ዝሆን ነው ካልኩ ዝሆን ነው

«ለጀማሪዎች» የሚለውን ቃል ያወጣው ሰው ጀማሪ ሆኖ አያውቅም። የእህቴ ልጅ ልደት ሳምንት ሲቀረው፣ በእጄ ትንሽ የጨርቅ ዝሆን ሰፍቼ ልሰጣት ቆረጥኩ። መመሪያው «በአንድ ምሽት የሚያልቅ» ይላል። የማን ምሽት እንደሆነ ግን አልጻፈም። የእኔ ምሽት አምስት ቀን ፈጀ።

ዝሆንን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880 ማርጋሬተ ሽታይፍ የምትባል ጀርመናዊት ልብስ ሰፊ ፌልት ከሚባለው፣ ሱፍ ተጠቅጥቆ ከሚሠራው ወፍራም ጨርቅ ትንንሽ ዝሆኖች ሰፍታ ነበር። ሐሳቧ መርፌ መሰኪያ እንዲሆኑ ነው፤ ልጆች ግን ወስደው መጫወቻ አደረጓቸው፤ ነገሩ አድጎ አድጎ ትልቅ የአሻንጉሊት ድርጅት ወጣው። ይቺ ሴት በሕፃንነቷ ፖሊዮ ይዟት እግሮቿ አይሄዱላትም፣ ቀኝ እጇም እንደልብ አይታዘዛትም ነበር። እንግዲህ እኔ ሁለት ጤነኛ እጅ ይዤ እንዴት ያቅተኛል? አልኩ። ከዚህ ጥያቄ በኋላ ያልተዋረደ ሰው ካለ ልተዋወቀው እፈልጋለሁ።

ስሕተቴ የጀመረው ገና መርፌ ሳልነካ፣ ለሰው ሳወራ ነው። ቁልፉ ሲበጠስ ሸሚዙን የሚቀይር ሰው ሁሉ ስለ ስፌት አስተያየት አለው ለካ! አንዱ ወዳጄ «ሰፋ አድርገው እንጂ፣ ምን ያሳንስሃል?» አለኝ። እሱ ስለ ስፌት ምን ያውቃል ብዬ ናቅኩት። የሚያሳዝነው፣ ከመካሪዎቼ ሁሉ ትክክለኛው እሱ ነበር። ጀማሪ «ትንሽ» ሲባል «ቀላል» ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ለስፌቱ ከዳር ግማሽ ሳንቲ ሜትር በዚህም በዚያም ሲበላ፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር የነበረው ኩምቢ አንድ ሳንቲ ሜትር ይቀረዋል። ይህን ቱቦ ከውስጥ ወደ ውጭ ገልብጥ! በእርሳስ ጫፍ ገፋሁት፤ እርሳሱ ወጣ፣ ኩምቢው ቀረ። ቀዳዳውን ደፈንኩና «አፍንጫ ነው» አልኩ። ዝሆን መቼም ይተነፍሳል።

ጨርቁስ? ለጀማሪ የሚመከረው ፌልት ነው፤ ጫፉ አይተረተርም፣ ፊትና ጀርባም የለውም። እኔ ግን አሮጌ ካናቴራ ነበረኝ። ካናቴራ ፊትና ጀርባ አለው፣ ይለጠጣልም። ንድፉን አስቀምጬ ሁለት ጊዜ ቆረጥኩ፤ ሳጋጥማቸው ሁለቱም ቀኝ ጎን ሆነው ተገኙ። ግራ ጎን የሌለው ዝሆን። ለካስ ጨርቁን አጥፎ ሁለቱን ባንድ ጊዜ መቁረጥ፣ ወይም ንድፉን ለሁለተኛው መገልበጥ ነበረብኝ።

ክሩን ደግሞ ደጋግሜ በመርፌ ቀዳዳ ላለማሾለክ ብዬ ቁመቴን የሚያህል አስረዘምኩት። አንድ ክንድ ያህል ሲሆን ነው የሚታዘዘው፤ ከዚያ ሲረዝም ራሱ ከራሱ ይጣላል። ሰፍቼ ከጨረስኩት ይልቅ ፈትቼ የጨረስኩት ቋጠሮ ይበልጣል። በመጨረሻ ዙሪያውን ደህና አድርጌ፣ በጥብቅ፣ ወደ ኋላ እየተመለስኩ ሰፋሁና ዘጋሁት። ኮራሁም። ከዚያ አየሁት፤ ዝሆኔ ውስጡ ውጭ፣ ውጩ ውስጥ ነው። ለመገልበጫና ለመሙያ የሚተወውን አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ አልተውኩም! የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ እኔም መተርተር ጀመርኩ።

ሙሌቱ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ብዙ ተምሬአለሁ። ጥጡ ቁንጥር ቁንጥር እየተደረገ፣ መጀመሪያ ወደ ሩቁ ጥግ፣ ወደ እግርና ወደ ኩምቢ ነው የሚገባው፤ ሆድ የመጨረሻ ነው። እኔ አንድ ጭብጥ ሙሉ አድቦልቡዬ ከተትኩ። ሆዱ ሞላ፣ ካናቴራውም እየተለጠጠ እሺ አለው፤ እግሮቹ ግን ባዶ ቀሩ። ሆዱ ሞልቶ እግሩ የማይሸከመው ፍጡር አላየሁም አልልም፤ ስብሰባ ላይ ከፊት ወንበር አይጠፉም። በራሴ እጅ ስሠራ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ለዓይን ቁልፍ ልተክል ነበር፤ የእህቴ ልጅ ታናሽ ወንድም ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ የሚከት ስለሆነ ተውኩትና በክር ጠለፍኩለት። አንዱ ዓይን እንግዳውን ያያል፣ ሌላው በሩን ይጠብቃል። በስተመጨረሻ ስፒሎቹን ቆጠርኩ። የሰካሁት አሥር፣ የነቀልኩት ዘጠኝ። አሥረኛውን ያገኘሁት ዝሆኔን በፍቅር ጨበጥ ሳደርገው ነው። የማርጋሬተ መርፌ መሰኪያ መጫወቻ ሆኖ ነበር፤ የእኔ መጫወቻ መርፌ መሰኪያ ሆነ።

ስፒሉን አውጥቼ፣ ጣቴን በፕላስተር አሽጌ፣ ለዘመድ ወዳጅ አሳየሁ። ያን ጊዜ ነው የሰው ጨዋነት የገባኝ። ማንም «ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። «አንተ፣ በእጅህ ነው የሠራኸው?» ይላሉ፤ ይህ ጊዜ መግዣ ነው። አዙረው ያዩታል። የታች የላይ የሆነውን ላለመሳት ቀስ ብለው ይይዙታል። ከዚያ ትልቋ ብልሃት ትመጣለች፤ «ስሙን ማን አልከው?» ከስሙ ዘሩን ሊያገኙ ነው! አክስቴ ብቻ መዞር አልወደዱም፤ «እሰይ የኔ ልጅ፣ ጆሮውማ ቁርጥ የሌሊት ወፍ!» አሉና መረቁኝ። ሰፋ አድርገው ያለኝ ወዳጄ አይጥ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ዝሆን መሆኑን ስናገር ግን ሁሉም በአንድ ድምፅ «አዎ እኮ! እኔም ዝሆን ልል ነበር» አሉ። ከአፋቸው የነጠቅኳቸው አስመሰሉኝ።

የልደቱ ቀን ዝሆኔን ለእህቴ ልጅ አስረከብኩ። ምንም አላለችም። ሆዱን ነካች፣ የወለቁ የመሰሉትን እግሮቹን አንሥታ ለቀቀች፣ ዓይኖቹን አንድ በአንድ አየች።

«አጎቴ፣ አሞታል?»

«ትንሽ አሞታል» አልኩ፤ ምን ልበል?

ወስዳ አስተኛችው። ግንባሩን ዳሰሰች። እናቷን ቁራጭ ጨርቅ አስመጥታ አንገቱን ጠቀለለችለት፤ ጠማማዋ የአንገት ስፌቴ ተሸፈነች። እንግዶቹ ሁሉ በየተራ «እግዚአብሔር ይማረው» እያሉ ጠየቁት። ቀኑን ሙሉ ስታስታምመው ዋለችና ማታ ልሄድ ስነሣ ጆሮዬ አጠገብ መጥታ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ፦

«ሲሻለው ምን ይሆናል?»