ከሙሴ የበለጡ ወላጆች

ሙሴ ከሲና ተራራ ይዞ የወረደው አሥር ትእዛዝ ነው፤ ያውም ለአንድ ሕዝብ በሙሉ። የዘንድሮ አባወራ ግን ለሁለት ልጆች ሃያ ሦስት አንቀጽ አርቅቆ ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፋል፤ ያውም በራሱ ቁመት ልክ። ታናሹ ገና ፊደል አልቆጠረም። ታላቁ ወንበር ላይ ወጥቶ ካነበበ በኋላ፣ ተራ ቁጥር 9 «ሁልጊዜ እውነት ተናገር» ከተራ ቁጥር 14 «የቤት ወሬ ለእንግዳ አይነገርም» ጋር እንደሚጋጭ ያስረዳል።

ለአንድ ቤት አምስት ሕግ ይበቃል። ለሦስት ዓመት ልጅ ሁለትም ብዙ ነው። ሲበዙ መጀመሪያ የሚረሳቸው ያወጣቸው ሰው ነው፤ ትዝ የሚሉት ደግሞ ሲናደድ ብቻ ነው። ልጁም ብልጥ ስለሆነ ሕጉን ትቶ የአባቱን ግንባር ማጥናት ይጀምራል።

ኤደን ውስጥ ክልከላው አንድ ነበር፤ ዛፉ የታወቀ፣ መዘዙም አስቀድሞ የተነገረ። ሔዋን ለእባቡ ስታስረዳ ግን በምዕራፍ 2 ያልነበረ «አትንኩትም» ጣል አደረገችበት (ዘፍጥረት 3፥3)። ከዚያ ወዲህ አንቀጽ መጨመር የቆመበት ቤት የለም።

«ጨዋ ሁን» ሕግ አይደለም፤ ምኞት ነው። ልጁ መፈጸሙን ከደጅ የገባ ሰው እንኳ አይቶ የሚያውቀው ሲሆን ነው ሕግ የሚባለው፦ «ከመተኛትህ በፊት መጫወቻህን ሣጥኑ ውስጥ መልስ።» «አትሩጥ» ከማለትም «ቤት ውስጥ ቀስ ብለን እንሄዳለን» ይሻላል፤ አለዚያ መሮጥ የተከለከለ ልጅ መዝለል ይጀምራል። መዝለል አልተከለከለማ!

ቆጠራውስ? «እስከ ሦስት እቆጥራለሁ! አንድ… ሁለት… ሁለት ተኩል…» ልጁ በዚህ መሀል ክፍልፋይ ይማራል። መታዘዝ የሚጀምረው ሦስት ሲባል መሆኑንም ይማራል። አንዴ በረጋ ድምፅ ተናግሮ፣ ተነሥቶ አጠገቡ መቆም ቆጠራውን ያስቀራል፤ ችግሩ ከሶፋ መነሣት ይጠይቃል።

ቅጣትም እንዲሁ። ውሃ የደፋ ይወልውል፣ ያኔውኑ። «አንድ ወር ቴሌቪዥን የለም!» ብሎ የፎከረ ወላጅ፣ በሦስተኛው ቀን ለራሱ ግማሽ ሰዓት ጸጥታ ሲያምረው አዋጁን ራሱ ይሽረዋል።

ኤፌሶን 6፥1ን፣ «ልጆች ሆይ፥ ለወላጆቻችሁ በጌታ ታዘዙ» የሚለውን፣ በቃሉ የማይወጣው ወላጅ የለም። ሦስት ቁጥር ዝቅ ሲባል፣ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ የሚያዘው ጋ፣ በብዙ ቤት ገጹ የተቀደደ ይመስላል። እግዚአብሔርም የሚጠራው ብርጭቆ ሲሰበር ነው፤ «ያይሃል!» ለማለት። ልጁ ጥርሱን ሳይነገረው የቦረሸ ዕለት ግን ማንም ያየው የለም።

የማታ ጸሎት ከአምስት ደቂቃ ባይበልጥ መልካም ነው፦ አንድ አጭር ንባብ፣ እያንዳንዱ አንድ ምስጋና፣ አሜን። የሚበላሸው አባት ጸሎቱን የክስ መዝገብ ሲያደርገው ነው። «ጌታ ሆይ፣ ትናንት እህቱን የመታውን፣ ሒሳብ አላጠናም ያለውን ይህን ልጅ…» ተከሳሹ በአንድ ዓይኑ አጮልቆ ያያል። ይግባኝ እንዳይል፣ ችሎቱ ዓይኑን ጨፍኗል።

ከአምስቱ የቤት ሕጎች አንዱ ይቅርታ ቢሆን ይመረጣል፤ ወላጅም ይጠይቃል፣ ጥፋቱንም በስሙ ይጠራል። «ጮኼብሃለሁ፣ ይቅርታ» እዚያ ላይ ያበቃል። «ግን አንተም…» ከተከተለ ይቅርታው አዲስ ክስ ሆነ ማለት ነው።

ሌላው «ገበታ ላይ ስልክ አይነሣም» ከሆነ፣ «የሥራ ነው» የሚባል ልዩ ፈቃድ አይኖረውም። ካለው ግን፣ የማታው ጸሎት ተራ ልጁ ጋ ይደርስና ዓይኑን ጥብቅ አድርጎ ጨፍኖ፣ ከአባቱ በተማረው ወግ፣ «ጌታ ሆይ፣ አባዬን በስልኩ ነገር እርዳው፤ ዛሬም ሁለቴ አነሣው» ይላል። አባትም ምን ያድርግ፣ «አሜን» ይላል።