ድመቷ ምን ነፍስ አባት አላት?

በበዓለ ሃምሳ፣ እኛ ጾም በፈታንበት ሰሞን፣ እዚህ ለንደን አንዲት ጎረቤቴ ለሁለት ሳምንት ልጇን ልትጠይቅ ሄደች። ድመቷን ከነዕቃዋ እኔ ቤት አምጥታ አደራ አለችኝ። አንድ ከረጢት ደረቅ ምግብና አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ወረቀቱ «ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት በፍጹም» ይላል። ሴትዮዋ ቪጋን ናት። ድመቷንም ቪጋን አድርጋታለች።

ለእኔ ሥጋ መተው አዲስ ነገር አይደለም። ሁዳዴን 55 ቀን በሽሮና በምስር እያለፍኩ ነው ያደግኩት። ሴትዮዋ ለእንስሳ አዝና ሥጋ መተዋን ከልቤ አከብርላታለሁ። ግን እኛ ቤት ሲጾም ድመቷ ጹሚ ተብላ አታውቅም። አያቴ በሁዳዴም ሳትሳቀቅ ወተት ትሰጣታለች። «እሷ ምን ነፍስ አባት አላት?» ትል ነበር። ባይሰጧትም ከጎታው ሥር አይጧን ይዛ ትወጣለች። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ እንዲሉ።

በሦስተኛው ቀን የቱና ጣሳ ከፍቼ በላሁና ባዶውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ድመቷ ከሶፋው ሥር ወጣች። ጣሳውን በአፍንጫዋ እየገፋች እስከ ግድግዳው ወሰደችው። ምንም ሳይቀርበት እንኳ መላሷን አልተወችም። ምላሷ ቆርቆሮውን ሲፍቅ የነበረው ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም።

ማታ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የድመት ሰውነት በበቂ አይሠራውም፤ ከሥጋና ከዓሣ ነው የምታገኘው። ሲጎድላት ዓይኗ እንደሚጠፋ እ.ኤ.አ. በ1975 ታውቋል። በ1987 ደግሞ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ልቧም እንደሚደክም፣ ታውሪን ሲሰጣት እንደሚያገግም አሳዩ። ቫይታሚን ኤንም እንደ እኛ ከካሮት ማውጣት አትችልም።

ሴትዮዋ ስትመለስ የጣሳውንም ያነበብኩትንም ሳልደብቅ ነገርኳት። ተቆጣች። «ከረጢቱ ላይ ታውሪን አለ፣ አንብቢ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በፋብሪካ የተሠራ ታውሪን ተጨምሮበታል። በ2023 የወጣ ጥናትም አሳየችኝ። የ1,369 ድመቶች ባለቤቶች ተጠይቀው፣ ቪጋን የሚበሉት ከሌሎቹ የባሰ ሲታመሙ አልታየም። እሺ። ግን የተጠየቀው ባለቤቱ ነው። የድመቶቹን ደም ወስዶ የለካ የለም።

እኔን የሚያንገበግበኝ በሩ ነው። የአያቴ ድመት ያጣችውን ወጥታ ታመጣለች። ይቺ አራተኛ ፎቅ ላይ ተዘግቶባታል። ከዚያ ከረጢት ሌላ ምርጫ የላትም። እዚህ አገር እኮ በ2006 የወጣ ሕግ አለ፤ እንስሳ የያዘ ሰው የሚስማማውን ምግብ እንዲሰጥ ያዛል። «እንግዲያው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስደሽ ደሟን አስመርምሪያት፣ ታውሪኗ ይለካ» አልኳት። «ትጫወታለች፣ ፀጉሯም ያበራል» ብላኝ ድመቷን አቅፋ ሄደች።

አሁን ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዋ ቀዝቅዟል። ዓሣ ስጠብስ ግን ድመቷ ከበራቸው ጀርባ ስትጮኽ ይሰማኛል።