ይቆረጥምሻል ወይስ ያቃጥልሻል?

«አሜሪካ ድረስ ሄደሽ በመዥገር?» አለችና አክስቴ የሆጃ ስኒዋ እስኪደፋ ሳቀች። ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠናል። መዥገር ለእሷ የላምና የግመል ጣጣ ነው። (አክስቴን «አንቺ» ነው የምላት። የድሬ ልጅ ነኝ፤ «አንቱ» ብላት ምን አጥፍቼ ነው ብላ ታኮርፋለች።)

ላስረዳት ሞከርኩ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ከቤቴ ጀርባ ጫካ አለ፤ አጋዘኑ እንደ ሰፈር ፍየል በየደጁ ይንጎራደዳል። እዚያ ያለችው መዥገር ልጅ እያለች ከጤፍ ቅንጣት ብዙም አትበልጥም፤ ስትነክስ አታሳምምም። የምታስይዘው በሽታ «ላይም» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በፈረንጆች 1975 የብዙ ልጆች ጉልበት እያበጠ ግራ ካጋባባት የኮነቲከት ከተማ ነው። ምልክቱ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ነው ይላሉ። ቀይ ክብ በነጭ ቆዳ ላይ ደምቆ ይታያል፤ በእኔ ጠይም ጭን ላይ የበለዘ መስሎኝ አለፈ። የታወቀልኝ ከወራት በኋላ፣ ጉልበቴ ካበጠ ወዲያ ነው። ዶክሲሳይክሊን 28 ቀን ዋጥኩ።

«ዶክሲ? የግርሻውን?» አለች። ልክ ናት። የግርሻና የላይም ተሕዋሲያን ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱ በቅማል፣ አንዱ በመዥገር ይመጣል እንጂ።

እብጠቱ ጠፋ፤ ሕመሙ ቀረ። ከታከሙ 100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ድካሙና ቁርጥማቱ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አይለቃቸውም። ለወራት አንቲባዮቲክ በደም ሥር ይሰጠን የሚሉ አሉ፤ እኔም ጓጉቼ ነበር። ተሞክሮ፣ መድኃኒት ከሌለበት ማነጻጸሪያ ያለፈ ዘላቂ ጥቅም አልተገኘለትም፤ ቱቦው ራሱ ሌላ ኢንፌክሽን ይጋብዛል። ስለዚህ የቀረኝ ማስታገሻ መምረጥ ነው፤ ከበሽታው ይልቅ ያደከመኝም እሱ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ያመመው ሰው ቁጥር ይጠየቃል። «ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ሰባት ስል ነርሷ ሰባት ብላ ትጽፋለች። በሚቀጥለው ቀጠሮም ሰባት። ከፍ ባደርገው ደግሞ ዓይናቸው ይለወጣል። እውነት ለመናገር ምክንያት አላቸው፤ በፈረንጆች 1990ዎቹ መጨረሻ የጀመረው የኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊን ያለ ኃይለኛ ማስታገሻ) ጎርፍ ስንቱን ሱሰኛ አድርጎ፣ ስንቱን ቀብሯል። በ2016 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ስለ አሰጣጡ ጥብቅ መመሪያ አወጣ፤ ሐኪሞቹ ደግሞ ከመመሪያው በላይ ስላጠበቁት በ2022 ማለዘብ ግድ ሆነ። እኔ የደረስኩት በመሃሉ ነው። የመጣሁት ለጉልበቴ፣ የምታየው ግን እንደ ተጠርጣሪ።

በመጨረሻ ዱሎክሰቲን ታዘዘልኝ። ወረቀቱን ሳነብ የድብርት መድኃኒት ነው። አበሻ ነኝና ተቀየምኩ፤ «አብዳለች ብለው ነው» አልኩ፤ ሁለት ሳምንት ሳልነካው መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። ሕመም ወደ አንጎል የሚሄድበትን መንገድ የሚያረግብ፣ ለቆየ የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመምም የተፈቀደ መሆኑን ማንም ቁጭ ብሎ አልነገረኝም።

የነገረኝ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ያለች ትንሽ ፋርማሲ ውስጥ የቆመ ልጅ ነው። ዲክሎፌናክ ቅባት ልገዛ ገብቼ «ያመኛል» ስለው፦ «አቦ እናቴ፣ እንዴት ነው የሚያምሽ? ይቆረጥምሻል ወይስ ያቃጥልሻል?»

ቆሜ ቀረሁ። ጉልበቴ ይቆረጥመኛል፤ ጠዋት ይብሳል፣ ስንቀሳቀስ ይፍታታል። እግሬ መዳፍ ላይ ግን ሌሊት ያቃጥለኛል፣ እንደ መርፌ ይወጋጋኛል። ሁለት ሕመም ነው ለካ! ለዓመታት በአንድ ሰባት ውስጥ አጭቄው ኖሬያለሁ። ልጁ እንዳለው ለቆረጠመው እንደ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ያሉት ይሠራሉ፤ ለሚያቃጥለው የነርቭ ሕመም እነሱ እምብዛም ናቸው፤ ለሱ ጋባፔንቲን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ወይ ያ የናቅኩት ዱሎክሰቲን ይሻላል። «አሚትሪፕቲሊን እኔ ጋ አለ፤ ርካሽ ነው፤ ግን ዱሎክሰቲን እየዋጥሽ ከሆነ በላዩ አትደርቢ፤ ሐኪምሽን ጠይቂ» አለኝ። ደግሞም አፍ ያደርቃል አለና ሳቀ፤ በድሬ ሙቀት አፍ ማድረቂያ መድኃኒት!

አገር ቤትን እያሞገስኩ እንዳይመስል። ከኋላዬ የነበረ ሰውዬ ያንኑ ዲክሎፌናክ በኪኒን ጠየቀ፤ ግፊት አለህ? ኩላሊትህስ? የሚለው ጠፍቶ ተሰጠው። ወንድሜም በበኩሉ «ቃሚበትና ተገላገይ» ብሎ በርጫ ላይ አስቀመጠኝ። እውነት ነው፣ ምርቃናው ሲመጣ ጉልበቴን ረሳሁት። ሌሊት ግን ዓይኔ ፈጦ አደርኩ፣ ልቤም ይደልቃል። ጫትም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ዱሎክሰቲንም እንደዚያው ሊያደርግ ይችላል፤ ሁለቱን በአንድ ሆድ ማስተናገድ አልደገምኩም።

ማታ የተማርኩትን ለአክስቴ ሳወራ «የኔ እንኳ ቁርጥማት ነው፤ ያንቺው ኪኒን ነው ያቆመኝ» አለች። የኔው? ገብታ ትልቁን የአይቡፕሮፌን ጠርሙስ አወጣች፤ 500 ፍሬ የሚይዘውን። ዲያስፖራ ሁሉ ሻንጣው ውስጥ የሚከተው ነው፤ እኔም በየመጣው ሰው ዓመት ሳልዘል እልክላታለሁ። ከጠርሙሱ ጎን የግፊት መድኃኒቶቿ ነበሩ፤ ኢናላፕሪልና ሽንት የሚያሸና ኪኒን። እነዚህ ሁለቱ ላይ አይቡፕሮፌን ሲጨመር ኩላሊት ሊታነቅ ይችላል፤ በተለይ ዕድሜ ሲገፋ፣ በተለይ ሰውነት ውሃ በሚያጥርበት ሙቀት። አሜሪካ ማንም አልጠየቀኝም እያልኩ የማማርረው እኔ፣ አንድ ቀን እንኳ «ሌላ ምን ትውጫለሽ?» ብዬ አልጠየቅኋትም።

በማግስቱ ለኩላሊት ምርመራ ወሰድኳት። ውጤቱ ከምፈራው ቢሻልም ሐኪሙ አይቡፕሮፌኑን አስቆማት፤ ፓራሲታሞል በልክ፣ ለጉልበቷም ቅባቱን ሰጣት፤ ቅባቱ ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂት ነው። አኮረፈች። «ፓናዶል ለራስ ምታት ነው እንጂ!»

ስንመለስ ጠርሙሱን ላነሳ ብል ከግማሽ በታች ነው። ያን ያህል አልዋጠችም። «ለቡና ጎረቤቶቼ በብልቃጥ በብልቃጥ አካፍዬ ነዋ፤ የአሜሪካ ነው እያልኩ» አለች በኩራት። ስንት ቤት? ሦስት። ከሦስቱ ሁለቱ የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ።

ባጃጅ ይዤ ዞርኩ። አንዷ መለሰችልኝ። ሁለተኛዋ ዘመዷ ሳቢያን ሰፈር ወስዳዋለች አለችኝ። ሦስተኛዋ ቡና አፍልታ አስቀመጠችኝና፣ ስጨርስ፣ «መቼ ነው ደግሞ የምትልኪው?» አለችኝ።