እርማት፦ የአካዳሚክ ጽሑፍ መምህር ሰዋስው አራሚ ብቻ አይደለም
ወንድሜ፣ «ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአካዳሚክ ጽሑፍ የሚያስተምር ሰው ሥራው ሰዋስው ማረም ነው» ያልከውን ብዙ ሰው ያምንበታል፤ ግን ልክ አይደለም። እነዚህ የቋንቋ ምሁራን በዋናነት የሚያጠኑት አንድ ጽሑፍ አንባቢውን እንዴት እንደሚያሳምን ነው። ጆን ስዌልስን ውሰድ። የምርምር ጽሑፎችን መግቢያ መርምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ሥራ ብዙዎቹ ሦስት እርምጃ እንደሚከተሉ አሳየ፦ ጉዳዩ ለምን እንደሚያሳስብ መናገር፣ ያልተነካውን ክፍተት ማመልከት፣ ከዚያ «የእኔ ጥናት ይህን ይሞላል» ማለት። ሰዋስዉ እንከን የለሽ ሆኖ ሁለተኛው እርምጃ የጎደለው መግቢያ «እና ምን ይጠበስ?» ያሰኛል፤ ይህን ደግሞ የፊደል ግድፈት የሚለቅም ሶፍትዌር አይነግርህም። ኬን ሃይላንድም ከ8 የትምህርት ዘርፎች 240 የምርምር ጽሑፎችን አነጻጽሮ፣ ጸሐፊዎች («እኔ»፣ «እኛ» እያሉ) ራሳቸውን የሚጠቅሱበት መጠን ከዘርፍ ዘርፍ በጣም እንደሚለያይ አሳይቷል። በሰብአዊና ማኅበራዊ ሳይንስ ይበዛል፣ በተፈጥሮ ሳይንስና በምህንድስና ያንሳል። ስለዚህ «በጥናት ጽሑፍ እኔ አይባልም» የሚለውም (ሌላው የማይሞት ተረት!) ለሁሉም የሚሠራ ሕግ አይደለም። ጎበዝ መምህር ረቂቅህን ስታመጣለት መጀመሪያ «የምትጽፈው ለማን ነው?» ብሎ የሚያፋጥጥህ ለዚህ ነው። ነጠላ ሰረዙ በኋላ ይደረስበታል።