ድልድዩ ምንን ይወክላል?

ጓደኛዬ የድልድይ ሥዕል ላከልኝ። በጥቁር ቀለም የተሣለ ነው። ድልድዩ ከግራ ይጀምርና መሃል ላይ ጉም ይውጠዋል። «ምን ተሰማህ?» ይላል ከሥሩ። ሳልመልስ ራሱ መለሰው። ድልድዩ ተስፋ ነው፣ ጉሙ ነገ ነው፣ ወንዙ ጊዜ ነው።

እኔ የተሰማኝ ሠዓሊው ቅስት መሣል እንደታከተው ነው። ቅስት እየራቀ ሲሄድ ማነስም መጥበብም አለበት። አራተኛው ላይ እጅ ይዝላል። ጉም እግዜር ይስጠው!

ሰምና ወርቅ ለምዶብን ነው መሰለኝ፣ ወርቅ ስንል ሰሙን ሳናየው እናቀልጠዋለን። እኔ የምወደው ተረት «ሁሉን ቢናገሩ ሆድ ባዶ ይቀራል» የሚለውን ነው። ሥዕልም ሆድ አለው። ጃፓናዊው ሠዓሊ ሂሮሺጌ እ.ኤ.አ. በ1857 ድልድይ ላይ ዶፍ ሲያወርድ፣ ዝናቡ ቀጭን ጥቁር መስመር ነው፤ ሰዎቹ ጎንበስ ብለው ይቻኮላሉ። በቃ። ቫን ጎግ በ1887 ያንኑ በዘይት ቀለም ገልብጦ ጠርዙን በጃፓን ፊደላት ሞላው። ፊደላቱ ከሌሎች ሥዕሎች የተለቀሙ ጌጥ ናቸው። ተርጓሚ ነኝ ያለ ይምጣና ይተርጉማቸው!

ቂሜ የቆየ ነው። ልጅ ሳለሁ ድልድይ ሥዬ ለመምህሬ አሳየሁ። «ምንን ይወክላል?» አሉኝ። «ድልድይን» አልኩ። ከአስር ሦስት! ጎኔ የተቀመጠው ልጅ ሁለት መስመር አስምሮ «የሕዝቦች ወዳጅነት ነው» ብሎ ዘጠኝ ወሰደ። የሱ ድልድይ ድመት አያሻግርም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ያ ልጅ የዩሮ ወረቀት ላይ ቢቀጠር ያዋጣው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጡት ሰባት ዓይነት ኖቶች ጀርባቸው ሁሉ ድልድይ ነው፤ የአውሮፓ ሕዝቦች መገናኛ ማለት ነው። ሮበርት ካሊና ሲሥላቸው የማንም አገር ድልድይ እንዳይሆኑ ተደርጓል፤ አንዱ ተመርጦ ሌላው እንዳይቀየም። የቀረው የዘመን ስልት ብቻ ነው፦ 5ቱ ላይ የጥንቱ፣ 20ው ላይ የመካከለኛው ዘመን ጎቲክ። ኋላ ስፓይከኒሰ የምትባል የሆላንድ ከተማ ሰባቱንም ሠርታ አቆመቻቸው። ሰው ይሻገርባቸዋል። ድልድይ ድልድይን ወከለ! ሰባት ነጥቤን ይመልሱልኝ።

የጓደኛዬን ጥያቄ ረሳሁት። ሥዕሉን መልሼ ከፈትኩት። ለካ ድልድዩ ላይ አንድ ሰው አለ፣ ጉንዳን የሚያህል። ወደ ጉሙ እየገባ ነው ወይስ እየወጣ? አሳደግኩት። ፊትም ጀርባም የለውም። ስልኩን ገልብጬም አየሁት። ግማሽ ሰዓት ሄደ።

«እየተመለሰ ነው» ብዬ ጻፍኩለት።

«ማን?» አለኝ።